አባቴ ያዩት ራእይ

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለሴቶች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ስልጠና ላይ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ነጭ ወረቀት አደለንና «የወደፊት ራእያችሁን ጻፉ» አለን። ያን ጊዜ ራእይ ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም። ቀበሌው ራእይ ነበረው፣ ግብርናው ራእይ ነበረው፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ሳትቀር በሯ ላይ በትልልቁ የተጻፈ ራእይና ተልእኮ ነበራት። አጠገቤ የተቀመጠችው ጠላ ሻጭ «እኔ አርቄ የማየው እስከ ነገ ድረስ ነው፤ እሱም ደመና ነው» ብላ አሳቀችን። አሰልጣኙ ልጅ ቅር አለው። እኔ ወረቀቱን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ለምሳ ስንለቀቅ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ አልተመለስኩም።

የተናደድኩት በልጁ አይደለም፤ እሱ የተላከበትን ነው የሠራው። የተናደድኩት በቃሉ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ራእይ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሞላው ነገር አልነበረም። እግዚአብሔር ሲፈቅድ የሚያሳየው ነገር ነው፤ ካሳየ በኋላ ደግሞ ሰውን እንደ ድሮው አያስቀምጠውም። አባቴ አንድ ራእይ አዩ። ያን ራእይ ተሸክሜ የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከገነተ ማርያም ማዶ ካለው ተረተር ላይ ነው፤ የሚያገለግሉበት ደብርም ከቤታችን ጠርተው የሚሰማበት ቅርብ ቦታ ነበር። ሰሞን ሲገቡ፣ የቅዳሴው ተራ ሲደርሳቸው ማለት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ከደብሩ ቅጥር አይወጡም። ሰሞን ሲወጡ ደግሞ እንደማንኛውም የላስታ ገበሬ ሞፈርና ቀንበራቸውን ተሸክመው ገብሳቸውን ያርሳሉ። ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ልጅ የማይመቱ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምጽፈውን ያነበበ ሰው ክፉ አባት አድርጎ እንዳይስላቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ራሳቸው ናቸው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ልጅ አስተምሩ የሚል ስብሰባ ይበዛ ነበር። ብዙው ሰው ስብሰባው ላይ ያጨበጭብና ቤቱ ሲገባ ልጁን ለባል ይሰጣል። አባቴ አላጨበጨቡም፤ በማግሥቱ እጄን ይዘው ወስደው አስመዘገቡኝ። ፊደል የቆጠረ ሰው ፊደል አይነፍግም አሉ። እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምረው ትምህርት ቤት በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ከዚያ በላይ የፈለገ ላሊበላ ሄዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቁን እየተሸከመ ነው የሚማረው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥር ሃያ አንድ የእመቤታችን በዓል ቀን፣ ከእናቴ ጋር ከሴቶቹ ወገን ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት ዲያቆን የእመቤታችንን ተአምር በአማርኛ ያነባል። ያልለመደው ንባብ ነበርና በየመስመሩ ይደናቀፋል። እኔ ያን ተአምር አባቴ ቤት ውስጥ ሲያነቡት ሰምቼ በቃሌ ይዤው ስለነበር፣ እሱ ሲቆም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ የሚቀጥለውን እናገራለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ልጆች እሱን ትተው እኔን ያዳምጡ ጀመር። እዚያ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ገባ። ድምፅ ሰማሁ ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ሰው በጆሮዬ የነገረኝን ያህል አወቅሁ፦ አስተማሪ እንደምሆን፣ ልጆች ፊት መጽሐፍ ገልጬ እንደምቆም፣ ይህም የእኔ ምኞት ሳይሆን ለእኔ የታሰበልኝ ነገር እንደሆነ። ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ጸልያለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልቅሻለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ የተሰማኝ ግን አንድም ቀን የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለእናቴ ነገርኳት። መንገድ ላይ ቆመች፤ ግራ ቀኟን አየች፤ ሌላ ሰው የሰማን እንዳልሆነ ካረጋገጠች በኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ደግ ነገር ያየ ሰው አያወራም፣ ልጄ» አለችኝ። «ለአባትሽም ቢሆን። ሲደርስ ነገሩ ራሱ ይናገራል።»

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ክፉ ሕልም ለንስሐ አባት ይነገርና ጸሎት ይደረግበታል፤ ደጉ ይዋጣል። የተነገረ ደግ ሕልም ይበተናል፣ የሰው ዓይን ይገባበታል ይባላል። «ሕልም እልም» የሚሉ ቢኖሩም የሚሉት ለሌላው ሰው ሕልም ነው፤ የራሱን ማንም ሰው አይንቅም። እኔም የእናቴን ቃል ይዤ ዝም አልኩ። ዛሬ ባስበው ከሠራኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ትልቁ ያ ዝምታ ነው፤ ያን ጊዜ ግን መታዘዝ መሰለኝ።

ስድስተኛን በጥሩ ነጥብ ጨረስኩ። ለላሊበላ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር። ከሁለት የሰፈራችን ልጆች ጋር አንዲት ክፍል እንከራያለን፤ እናቴ በሶውንና ቆሎውን ለየብቻ ቋጥራ አስቀምጣለች፤ አባቴም ደብተር ገዝተው አምጥተዋል። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ምጥ ያዛት። ምጡ ሁለተኛ ቀኑን ሲይዝ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ላሊበላ ጉዞ ጀመሩ፤ ክረምት ነውና ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ውኃው እስኪጎድል ከዳር ሲጠብቁ ሕፃኗ ተወለደች፤ እናቴ እዚያው አረፈች። ሰዎቹ ሲመለሱ ከፊት የሚመጣው ሰው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ነበር። እኔ ሮጬ የተቀበልኩት እሱን ነው። ቃሬዛውን ያየሁት ሕፃኗ እጄ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

በቤታችን አሁን አራት ሆንን፦ አባቴ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመቱ ወንድሜና ስም ያልወጣላት ሕፃን። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መስከረም ጠባ። ሁለቱ የሰፈራችን ልጆች ስንቃቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ከደጃፍ ቆሜ አየኋቸው። አንደኛዋ ዞር ብላ በቅርቡ ትመጫለሽ አይደል አለችኝ። አዎ፣ አባቴ ነገሩን ሲያስተካክሉ እመጣለሁ አልኳት።

የሚስተካከለው ነገር ምን እንደሆነ የቄስ ልጅ ስለሆንኩ በደንብ አውቃለሁ። ቄስ የሚያገባው አንዴ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ወይ ብቻውን ኖሮ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ ያገባና ክህነቱ ይቀራል። «ፈረሰ» ይባላል። የፈረሰ ቄስ መቅደስ አይገባም፤ ትናንት ሲባርካቸው ከነበሩት ምእመናን ጋር ከውጭ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴ ካገቡ ለሕፃኗ እናት ትመጣለች፣ እኔም ላሊበላ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ግን ይፈርሳሉ። ካላገቡ ክህነታቸው ይጸናል፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። በዚያ መስከረም በየማለዳው ውኃ ልቀዳ ስወርድ ምንጩ ዳር እየቆምኩ አባቴ እንዲፈርሱ እጸልይ ነበር። ሌላ ቃል አልፈለግኩለትም። «እመቤቴ ሆይ፣ አባቴ ይፍረሱ» እል ነበር። የቄስ ልጅ እንዲህ ብላ ስትጸልይ ምድር አፏን አለመክፈቷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ከኩልመስክ መጣች። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን በእኩል አሳርሳ የምታድር፣ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ናት። ሙጃ ውስጥ አንዲት ልጅ የሌላት፣ ጨዋ የሆነች ፈት አግኝታ፣ ነገሩን ከዘመዶቿ ጋር ጨርሳ ነው የመጣችው። ሁለት ሽማግሌዎችም ይዛለች። አባቴን ከመሃል አስቀምጠው ተራ በተራ መከሯቸው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ሲሄዱ አክስቴ ሰለቻት፤ ክህነትህ ለዚች ጨቅላ ወተት ይሆናታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ አዳምጣለሁ።

አባቴ ቀና ብለው ራእያቸውን ተናገሩ። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰሞነኛ ሆነው በደብሩ ሳሉ፣ ነጭ የለበሰች እናት መጽሐፍ ይዛ ወደ መቅደሱ ደጃፍ ስትመጣ አይተዋል። ለንስሐ አባታቸው ነግረው ፍቺውን አግኝተዋል። «ለዚህ ቤት መጽሐፍ ተሰጥቷል» አሉ። «አደራ ነው። እኔ አደራ አልበላም።»

ገበሬን ስለ መሬት ይሟገቱታል፣ ሹምን ስለ ግብር ይሟገቱታል፤ ራእይ አየሁ ካለ ቄስ ጋር ማን ይሟገታል? አንደኛው ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ አማተበ። አክስቴ ብቻ አልተሸነፈችም።

«እንግዲያው መጽሐፉን ያመጣችው እናት ሞግዚት ማምጣቱን ረሳችው?» አለችና፣ ያለችው ነገር ለራሷም ከብዷት ሦስት ጊዜ አማተበች።

አባቴ ዞር ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ሁሉም አብረዋቸው ዞሩ። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ትጠባ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አላልኩም፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ጥቅምት ላይ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪዬ የቤታችንን አቀበት ወጥተው መጡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ በዚያ አቀበት ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ለብዙ ጊዜ መናገር አልቻሉም። ይህች ልጅ ከተማረች ማሠልጠኛ ገብታ አስተማሪ ትሆናለች፣ እባክዎን አይከልክሏት ብለው ለመኗቸው። አባቴ በትሕትና አዳመጧቸው፤ አንድ ዓመት ብቻ ይስጡኝ፣ ሕፃኗ እግር ታውጣ አሏቸው። አስተማሪው ሲሄዱ ሁለት የሰባተኛ ክፍል መጻሕፍት ትተውልኝ ሄዱ። ያን ጊዜ እንኳ ለአባቴ የጥር ሃያ አንዱን ነገር ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ። ግን ምን ብዬ ልናገር? እሳቸው ያዩት በመቅደሱ ደጃፍ ነው፣ የንስሐ አባት የፈታው ነው። የእኔ ከሴቶች መሃል ቆሜ ልቤ ውስጥ የመጣ ነገር ነው። ሁለት ራእይ በአንድ ቤት ከተጋጨ አንዱ የሰይጣን ነው ብዬ አሰብኩ። የትኛው እንደሚሆን ደግሞ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግልጽ ነበር። የራሴን ጠረጠርኩ።

አንድ ዓመቱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት ሆነ። ሕፃኗ እግር ስታወጣ ኩፍኝ ያዛት፤ ኩፍኙ ሲለቃት ድርቅ መጣ፤ ድርቁ ሲያልፍ እኔ ለሰባተኛ ክፍል ያረጀሁ መሰልኩ። ጡጦ ማጠብ፣ እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ የአባቴን የቅዳሴ ልብስ አጥቦ ማስጣት፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሥራ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ሥራው መሃል ቆም ሲሉ የሚመጣው ሐሳብ ነው። አባቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆብ ደፍተው መነኮሱ፤ ለእኛ ሲሉ ግን ገዳም አልገቡም። «ከነልጆቹ የመነኮሰ» እያሉ የሚያሾፉባቸው ነበሩ። ቆቡን የደፉ ቀን ደብሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም እልል አልኩ፤ ድምፄ ከሌሎቹ ሴቶች ድምፅ ይበልጥ እንደነበር ጎረቤታችን ነግራኛለች።

ወንድሜንና እህቴን ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በከሰል እየጻፍኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያጠፋሁ። ይህን የሰሙ ሰዎች ያው አስተምረሻል አይደል ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ይገባኛል። የተራበን ሰው ጭስ አሽትተሃል አይደል ብሎ ማጽናናት ነው።

በሃያ ሁለት ዓመቴ አግብቼ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚፈልገው ሚስት ነው፣ እኔ ግን ሁለት ልጆች በልቤ አዝዬ ነው የሄድኩት። እህቴን አተኮሳት ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወደ አባቴ ቤት እየሮጥኩ ሳስቸግረው በሁለተኛው ዓመት እዚያው ቅሪ አለኝ። ቀረሁ። እህቴ እየተማረች አደገች። ስምንተኛን አለፈች፣ አሥረኛን አለፈች፣ ማሠልጠኛ ገባች። ሙጃ ተመድባ ደሞዝ በወጣላት ወር ለእኔ ጫማ ለአባቴ ጋቢ ይዛ መጣች። አስተማሪ ሆነች። ጎረቤቱ ሁሉ በአንቺ ባይሆን በእጅሽ ያደገችው ሆነችልሽ፣ እግዚአብሔር አልረሳሽም አለኝ። እህቴን ከነፍሴ አስበልጬ እወዳታለሁ። ጫማውን አድርጌ አቅፌ ሳምኳት፤ ከዚያ ከብቶቹን የማይ መስዬ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም፤ የቀናሁት በእጄ ሥራ ነው።

አባቴ የታመሙት በዚያው ዓመት፣ በበጋ ነው። ሆዳቸው ነበር። ላሊበላ ወስደናቸው ሐኪሙ ዕድሜያቸውን ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ቤታቸው ይረፉ አለ። ወንድሜ ላሊበላ እንግዳ እያስጎበኘ ነው የሚያድረው፣ እህቴ ሙጃ ናት፤ የማስታምማቸው እኔ ነበርኩ። ቀን ቀን ጸሐይ ስለሚወዱ ደጃፍ አውጥቼ፣ ግድግዳ አስደግፌ፣ ጋቢያቸውን አልብሼ አስቀምጣቸዋለሁ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት እግራቸውን አጥቤ በቅቤ እያሸሁላቸው ሳለ፣ እጄን ያዙኝና ተቀመጪ አሉኝ።

ንስሐ አባታቸው ከሞቱ ዓመታት ሆኗቸው ነበር። ምናልባት ለእኔ ለመናገር የደፈሩት ለዚያ ይሆናል። ወይም ጊዜያቸው እንዳለቀ ስላወቁ ነው። ያን ራእያቸውን እንደገና ነገሩኝ፤ በዚህ ጊዜ ሙሉውን ነገሩኝ።

ነጭ የለበሰችው እናት መጽሐፍ ይዛ ወደ መቅደሱ ደጃፍ መጣች። አባቴ ቆመው ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አልፋቸው ሄደች። ከኋላቸው አንዲት ልጅ ቆማለች። መጽሐፉን ለልጅቱ ሰጠቻት። አባቴ ዞር ብለው የልጅቱን ፊት አዩ።

«አንቺ ነበርሽ» አሉኝ።

ለንስሐ አባታቸው ያዩትን ሁሉ እንዳለ ነግረዋቸዋል። አዛውንቱ መነኩሴ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ሴት ልጅ በመቅደስ ደጃፍ መጽሐፍ አትቀበልም፣ ይህ ሥርዓት አይደለም፣ ልጅቱን ያየኸው ሐዘንህ አእምሮህን ስላወከው ነው፤ መጽሐፉ ክህነትህ ነው፣ እንዳትጥለው አሏቸው። መነኩሴውን አልረግማቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት መጽሐፍ በመቅደስ የሚነበበውን ብቻ ነው። እመቤታችን ለአንዲት የገበሬ ልጅ የምታቀብለው መጽሐፍ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሊሆን እንደሚችል በሐሳባቸው አልመጣም። እሳቸው ተሳሳቱ፤ ሰው ይሳሳታል።

አባቴ ግን አላመኑም ነበር። ይህን ራሳቸው ነገሩኝ። ፍቺውን ተቀብለው ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ልባቸው እንቢ ይል ነበር። ያዩት ፊት የእኔ ነው፣ መጽሐፉም የእኔ ነው። አስተማሪው አቀበቱን ወጥተው የመጡ ቀን ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ ለቀቃቸው፤ መጽሐፉ የትኛው እንደሆነ ገባቸው። ገብቷቸውም አንድ ዓመት ስጡኝ አሉ።

እጄ ላይ ቅቤው እንዳለ ነበር። እግዚአብሔር ለእኔ ያሳየኝን፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ ያገኘሁትን፣ ሰይጣን ነው ብዬ የቀበርኩትን ያን ነገር አሰብኩ። ግማሹ በእኔ ዘንድ ነበር፣ ግማሹ በእሳቸው ዘንድ። እኔ ደግ ሕልም አይነገርም ብዬ፣ እሳቸው በራሳቸው ምክንያት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ እንጀራ እየቆረስን ሃያ ዓመት ዝም ተባባልን።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባ?» አልኳቸው።

ወዲያው ነው የመለሱልኝ። ለዓመታት አዘጋጅተው የያዙት መልስ ይመስል ነበር።

«ብነግርሽ ትሄጅ ነበር።»

ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በዚያ ዕድሜ እንባ እንኳ በቀላሉ አይወርድም። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ብዙ ሰው ሲናዘዝላቸው ኖሯል። በመስቀላቸው ስንቱን ፈትተዋል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሳይቀር ከፊታቸው ተንበርክኮ ሲነሣ አይቻለሁ። አሁን ቀና ብለው የሚያዩት ወደ እኔ ነው፤ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ግን ያቺ ምንጭ ዳር ስትጸልይ የነበረችው ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ተነሥታ አፌን ያዘችው። እግራቸውን ጋቢው ውስጥ አስገብቼ «ይረፉ፣ አባ» አልኳቸውና ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ቆዩ። በስምንቱም ቀን አጠብኳቸው፣ አጎረስኳቸው፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ገለበጥኳቸው። በእጄ ያጎደልኩባቸው ነገር የለም። ነገ እላቸዋለሁ እያልኩ አድራለሁ፤ ሲነጋ ፊታቸውን አይና ንዴቱ እንደገና ይመጣብኛል። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ስገባ በዓይናቸው ይከተሉኛል፣ ስወጣም በዓይናቸው ይሸኙኛል። በስድስተኛው ቀን አንደበታቸው ተያዘ፤ የሚሰሙ ይመስሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜም አላልኩም። እህቴ ከሙጃ የደረሰችው ባረፉ በማግሥቱ ነው።

የመነኩሴ ቀብር ነውና ካህናቱ ከየደብሩ መጡ። ፍትሐቱ ረጅም ነበር፤ ዕጣኑ፣ ጸናጽሉ፣ የሕዝቡ ብዛት። እህቴ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ሊያበቃ ሲል የደብሩ አለቃ ወደ ሕዝቡ ዞሩና እንደ ሥርዓቱ፣ አባታችን የበደሏችሁ፣ ያስቀየሟችሁ ካለ ይቅር በሏቸው፣ እግዚአብሔር ይፍታቸው በሉ አሉ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ እግዚአብሔር ይፍታቸው አለ። ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች አሉ፣ ያጠመቋቸው ልጆች አሉ፣ አክስቴ ምርኩዟን ተደግፋ አለች፣ እህቴ እያነባች አለች። አንድም ቀን ያላስቀየሟቸው ሰዎች ሁሉ ይቅር አሏቸው። እኔም ከሰው ጋር አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም። አባቴ የለመኑት ግን የእኔን ይቅርታ ብቻ ነበር።